የክረምቱ ላይኛ ነፋስ

በ1875 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በጃቫና በሱማትራ ደሴቶች መካከል የነበረው የክራካታው እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ከ36 ሺህ በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኛውን የጨረሰው ፍንዳታው ያስነሳው የባሕር ማዕበል ነው። በዚያ ወቅት በኢትዮጵያ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መቀመጫቸው እንጦጦ ነበር። አዲስ አበባ ገና አልተቆረቆረችም። ዛሬ ጀሞ አንድ፣ ጀሞ ሁለት፣ ጀሞ ሦስት እየተባለ በኮንዶሚኒየም የተሞላው መሬት የኦሮሞ ገበሬዎች እርሻና ግጦሽ ነበር። በነሐሴ ጭቃ ከብት የሚጠብቅ እረኛ፣ ከሩቅ ባሕር ማዶ የተነሣ አመድ በሰማይ መንገድ ይጓዛል ብሎ የሚያስብበት ምክንያት አልነበረውም።

አመዱ ግን መንገድ ጀምሮ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ በነበሩት ቀናት የፀሐይ መልክ በየአገሩ ተለወጠ። መጀመሪያ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ቀጥሎ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ ከዚያም በካሪቢያን ትሪኒዳድ ሰዎች ሰማያዊና አረንጓዴ ፀሐይ አዩ። በሳምንት ከጥቂት ቀን ውስጥ ነገሩ ሃዋይ ደረሰ። በሆኖሉሉ የነበሩት ቄስ ሴሬኖ ቢሾፕ በፀሐይ ዙሪያ ያዩትን ጭጋጋማ ቀለበት መዘገቡ፤ ከየአገሩ የመጣውን ወሬ ከቀኑ ጋር አገናዝበውም፣ ጭሱ በምድር ወገብ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየፈሰሰ ዓለምን እንደዞረ ጻፉ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ እ.ኤ.አ. በ1888 ባሳተመው ትልቅ ዘገባ ይህንኑ አረጋገጠ፤ አመዱ ምድርን ለመዞር የፈጀበት ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም። በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሕንድ ውቅያኖስና በምዕራብ አፍሪካ መካከል ያለው መንገድ ደግሞ የአፍሪካ አህጉር ራሱ ነው። በሐሩር አገሮች ሰማይ፣ ደመና ከሚደርስበት በላይ፣ ከምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ መኖሩን ዓለም የተረዳው እንዲህ በእልቂት ማግስት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ዕውቀትና መከራ ተያይዘው የሚመጡበት ይህ የመጀመሪያው ቦታ ነው፤ የመጨረሻው አይደለም።

ዘገባው በታተመበት ዓመት እዚህ ክፉ ቀን ገብቶ ነበር። ከምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ዝናቡ ሸሸ፤ አንበጣና ተምች የቀረውን አወደሙ። እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው ረሀብ የአገሪቱ ሲሶ ሕዝብ እንደረገፈ ይነገራል። ቁጥሩን በትክክል የሚያውቅ የለም፤ የሚቆጥርም አልነበረም። ዝናቡን በመለኪያ የሚመዘግብ ሰውም ቢሆን በአገሪቱ ውስጥ ገና በጣት የሚቆጠር ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ክረምት አብዝተው የተጨነቁት በዚያ ዘመን ካይሮ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ ደጋ ይወርዳል። እንግሊዞች ግብፅን ከያዙ በኋላ የጥጥ እርሻው ዕጣ በሐምሌና በነሐሴ ጎጃምና ወሎ ላይ በሚጥለው ዝናብ ተንጠለጠለ። የግብፅ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ ሄንሪ ላይንስ እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ ዓባይ ተፋሰስ ያሳተሙት መጽሐፍ የወንዙን ሙላት ከሀበሻ ዝናብ ጋር አገናኝቶ የመረመረ ነው። የሥራ ባልደረባቸው ክሬግ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዝናቡን እርጥበት እስከ ደቡብ አትላንቲክ ድረስ ተከትለው ሄዱ። ሁለቱም ሲያጠኑ የነበረው ታችኛውን ነፋስ ነው፤ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣውን። ዝናብን ለማወቅ እርጥበቱ ከየት እንደሚገባ መጠየቅ ግድ ነው፤ የገባው አየር ወዴት እንደሚወጣ መጠየቅ ግን ለማንም ቶሎ አልታየውም። በ1905 ዓ.ም. ክረምት ዓባይ በመለኪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅ ያለውን ሙላት አመጣ። ዐፄ ምኒልክ ያረፉት ከዚያ ክረምት ጥቂት ወራት በኋላ ነው።

ወደ ላይኛው ሰማይ መሣሪያ የላከው ሰው የመጣው ከጀርመን ነው። አርተር ቤርሶን በ1900 ዓ.ም. ከጓደኛው ኤልያስ ጋር ፊኛዎቹን ጭኖ ምሥራቅ አፍሪካ ገባ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅና በጠረፉ ላይ ፊኛ እየለቀቀ አየሩን ለካ። ያገኘው ነገር ግራ የሚያጋባ ነበር። ምድር ወገብ ላይ፣ በጣም ከፍ ካለው ሰማይ፣ ብርዱ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያልፋል፤ ከዋልታ ሰማይ የከፋ መሆኑ ነው። ይባስ ብሎ የክራካታው አመድ ከምሥራቅ ነፋስ ጋር በተጓዘበት ከፍታ አካባቢ የእሱ ፊኛዎች ከምዕራብ የሚነፍስ ነፋስ አገኙ። ታዲያ የትኛው ነው እውነት? ሊቃውንቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሁለቱንም በካርታ ላይ እየሳሉ፣ አንዱን ቀጭን ሌላውን ወፍራም እያደረጉ ሲያስማሙ ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ና 1961 አሜሪካዊው ሪድና እንግሊዛዊው ኤብደን ነገሩን ፈቱት፤ በዚያ ከፍታ ነፋሱ አቅጣጫውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየገለበጠ በሁለት ዓመት ከጥቂት ወር አንድ ዙር ይጨርሳል። ቄሱም ጀርመናዊውም ልክ ነበሩ፤ የተገናኙት ግን ከተለያየ ተራ ጋር ነው።

የኛን ክረምት የሚነካው ነፋስ ከዚህ ተገልባጭ ነፋስ በታች ያለ ሌላ ነው፤ እሱን ለማግኘት ሁለት የዓለም ጦርነቶች ማለፍ ነበረባቸው። ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦኢሺ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከቶኪዮ አጠገብ ፊኛ እየለቀቀ ከምዕራብ የሚነፍስ እጅግ ፈጣን የሰማይ ነፋስ አገኘ፤ ዓለም ሁሉ እንዲያነበው ብሎም በኤስፔራንቶ አሳተመው፤ በዚህም ምክንያት የሚያነበው ጠፋ። (ሳይንቲስት ለዓለም አስቦ የሠራው ሥራ እንዲህ ሲቀር ማሳቁም ማሳዘኑም አይቀርም።) አሜሪካውያን አብራሪዎች እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ቶኪዮን ሊደበድቡ ሲመጡ ያው ነፋስ ቦምባቸውን ከዒላማ አሳተባቸው። ከዚያ በኋላ ለእንዲህ ያለው ፈጣን የሰማይ ነፋስ ጄት የሚለው ስም በየአየር ትንበያ ቢሮው ተለመደ። የታወቀው ግን የመካከለኛው ኬክሮስ ጄት፣ ከምዕራብ የሚነፍሰው ብቻ ነው። የሐሩሩን ክልል ዞር ብሎ ያየው አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ የአየር ሁኔታን መከታተል በመንግሥት ደረጃ የተያዘው በእኛ 1940ዎቹ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነው፤ ሥራው የታሰበው ለአውሮፕላን እንጂ ለገበሬ አልነበረም። አውሮፕላኖቹም ያን ጊዜ ልደታ ነው የሚያርፉት። ቦሌ ጄት አውሮፕላን ሊያስተናግድ የበቃው በ1950ዎቹ ነው።

በዚያው ሰሞን ፓንቼቲ ኮቴስዋራም የሚባል ሕንዳዊ የጎደለውን ቁራጭ አገኘ። የተማረውም የሠራውም ዝናብ በሚጠብቅ አገር ነው፤ በኋላም የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሆኗል። ቺካጎ ሄዶ በሐሩር አየር ጥናት ከታወቀው ከሄርበርት ሪል ዘንድ በሠራበት ጊዜ፣ ከእስያና ከአፍሪካ ጣቢያዎች የተሰበሰበውን የከፍተኛ አየር መረጃ በካርታ ላይ ዘረጋው። እ.ኤ.አ. በ1958፣ በእኛ 1950 ዓ.ም. ያሳተመው ጽሑፍ የሐሩሩን የምሥራቅ ጄት ለዓለም አስተዋወቀ። ይህ ነፋስ ከሰኔ እስከ መስከረም ብቻ አለ። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ይነሣል፤ ደቡብ ሕንድና ዓረብ ባሕር ላይ ሲደርስ ይበረታል፤ የአፍሪካን ቀንድ አቋርጦ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እያለ ይላላል። መሐሉ ከባሕር ወለል 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ሕንድ ላይ በሰከንድ ከ35 እስከ 40 ሜትር ሲሮጥ፣ ኢትዮጵያ ላይ ሲደርስ 20 ወይም ጥቂት በለጥ ያለ ሜትር ነው።

ከየት ይመጣል የሚለውን የቦኑ ፕሮፌሰር ሄርማን ፍሎን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው ጥናት በሰፊው ሄደበት። የቲቤት አምባ በአማካይ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋቸው ፀሐይ አምባውን ስታግለው አየሩ የሚሞቀው ከባሕር ወለል ሳይሆን ከሰማይ ግማሽ መንገድ ጀምሮ ነው። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚፈነዳው ዝናብም ከደመናው ሙቀት ይጨምርበታል። ከዚህ የተነሣ በዚያ ወቅት፣ በዚያ ከፍታ፣ ሰሜኑ ከምድር ወገቡ ይሞቃል፤ ዓለም ከለመደው ሥርዓት የተገለበጠ ነው። አየሩ ከሞቀው ክምር ወደ ደቡብ ሲፈስ የምድር መሽከርከር ወደ ምዕራብ ይጠመዝዘዋል። ጄቱ ይኸው ነው። ከታች ደግሞ መልሱ አለ፤ እንግሊዛዊው ፊንድላተር እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳየው፣ በኬንያና በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ዝቅ ብሎ ወደ ሕንድ የሚሮጥ ሌላ ጄት ከደቡብ ንፍቀ ክበብ አየር ያጓጉዛል። ታችኛው ወደ እስያ ይወስዳል፤ ላይኛው ወደ አፍሪካ ይመልሳል።

ይህ ለኢትዮጵያ ምን ማለት እንደሆነ ኮቴስዋራም ራሱ ፍንጭ ሰጥቶ ነበር። ጄቱ አፍሪካ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይጥላል። በሚላላበት ቦታ ከመስመሩ በስተደቡብ ያለው አየር ወደ ላይ ይሳባል፤ በስተሰሜን ያለው ወደ ታች ይጫናል። የሰሐራና የዓረብ ምድረ በዳ ከሚደርቁበት ምክንያት አንዱ ያ መጫን ነው። የኛ ደጋ የሚገኘው በሚሳበው በኩልና በድንበሩ ላይ ነው። በገጠር ቤት ምድጃ የለኮሰ ሰው ያውቀዋል፤ የጭሱ መውጫ ካልሳበ እንጨቱ ቢደርቅም እሳቱ ያፍናል። ክረምትም እንዲያ ነው። ከአትላንቲክና ከኮንጎ በኩል እርጥበት የቱንም ያህል ቢገባ፣ ላይኛው ነፋስ አየሩን ጠርጎ ካልወሰደለት ደመናው አድጎ ብዙ ዝናብ አይሰጥም። ላይንስና ክሬግ የማገዶውን መግቢያ በሚገባ አጥንተዋል።

ይህንን ለማየት ፊኛ አያስፈልግም። ጀሞ ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ የጄቱ መሐል ከኮንዶሚኒየሞቹ ጣሪያ በላይ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆሞ ወደ ፉሪና ወደ ወጨጫ ለሚያይ ሰው ሰማዩ ሁለት ሆኖ ይታያል። ከሥር ጥቁሩ ዝቅተኛ ደመና ከደቡብ ምዕራብ እየገፋ ይመጣል። ከላይ፣ መብረቁን የሚጥለው ግዙፍ ደመና ጫፍ ግን ነጭ ሆኖ፣ ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ወደ ምዕራብ ይጎተታል፤ ወደ ወጨጫ ማዶ። ከሥር ያለው እየመጣ ከላይ ያለው እየሄደ ነው። ከቦሌ የሚለቀቀው የሚቲዎሮሎጂ ፊኛም በክረምት ከፍ እያለ ሲሄድ ያንኑ መንገድ ይይዛል፤ የምሥራቁ ነፋስ ከተማዋን አሻግሮ ወደ ምዕራብ ይነዳዋል።

ነፋሱ ስም ካገኘ ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. ክረምት ላላ። በዚያ ዓመት ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ኤልኒኖ ተነሥቶ ነበር። የፔሩ ዓሣ አጥማጆች መረባቸው ባዶ ቀረ፤ ሕንድ ዝናብ አጣች፤ የሳህል አገሮች ደረቁ። ወሎና ትግራይ ላይ ዝናቡ ተቆራረጠ፤ የ1965 በልግም ሳይመጣ ቀረ። ጊልበርት ዎከር የተባለው የሕንድ ሚቲዎሮሎጂ አለቃ ከሃምሳ ዓመት በፊት የፓስፊክን የአየር ግፊት፣ የሕንድን ዝናብና የዓባይን ሙላት በአንድ ሠንጠረዥ አስቀምጦ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ አይቷል። ያኮብ ብየርክነስም ገና በ1961 ዓ.ም. ኤልኒኖን ከዚያ የግፊት ውጣ ውረድ ጋር አያይዞት ነበር። ሁሉም በመጽሔት ገጾች ላይ አለ። አዲስ አበባ ላይ ግን እነዚህን ገጾች ከወሎ ገበሬ ጎተራ ጋር አገናኝቶ የሚያነብ ቢሮ አልነበረም።

ሆኖም ወቀሳው በነፋሱ ላይ የሚያልቅ አይደለም። ላይኛው ነፋስ መላላቱ ዝናብ ያሳጥራል፤ ሰው በየመንገዱ ሲወድቅ ዝም ማለት የሰው ሥራ ነው። የወሎ ረሀብ በቤተ መንግሥት ዙሪያ ተሸፍኖ ቆየ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በውጭ ታየ፤ ደርግ ደግሞ ንጉሡን ከማውረዱ በፊት በነበረው ሌሊት፣ በ1967 ዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር አቀናብሮ ለሕዝቡ በቴሌቪዥን አሳየው።

እ.ኤ.አ. በ1978 ካናሚትሱና ክሪሽናሙርቲ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የ1972ን (የእኛን 1964) ክረምት፣ ዝናብ በደህና ከጣለበት ከ1967 (እ.ኤ.አ.) ጋር አነጻጽረው አሳተሙ። ካገኟቸው ልዩነቶች አንዱ በድርቁ ዓመት የምሥራቁ ጄት መድከሙ ነው። ወረቀቱ ሲወጣ ንጉሡ ከወረዱ ከሦስት ዓመት በላይ አልፏል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም.፣ በአዋጅ ቁጥር 201 ብሔራዊ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ተቋቋመ። አየሩን መከታተል ከአቪዬሽን ጓዳ ወጥቶ በራሱ መሥሪያ ቤት ሆነ። አዲሱ ቢሮ ገና በእግሩ ሳይቆም የ1976 ክረምት ከዳ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአብዮቱ 10ኛ ዓመትና በኢሠፓ ምሥረታ አሸብርቃ ሳለች ኮረም ላይ ሰው እየረገፈ ነበር፤ የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን ለዓለም ሲተላለፍ ሁለተኛው መሸፋፈን አበቃ። በእነዚያ ዓመታት ጄቱ በ1950ዎቹ ከነበረው ጉልበቱ ወርዶ ነበር፤ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል እየደከመና ስፋቱ እየጠበበ መሄዱን በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። የሳህል ረጅም ድርቅም የወደቀው በዚያው ዘመን ላይ ነው።

በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ የወቅት ትንበያ መስጠት ጀመረ። የአሠራሩ መነሻ ቀላል ነው፤ የዘንድሮው ፓስፊክ ካለፉት ዓመታት የትኛውን ይመስላል ብሎ ያንን ዓመት ከመዝገብ ማውጣት። ከዚያ ወዲህ በሬዲዮ የምንሰማው ቋንቋ ተለመደ፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። «ዝናብ ሰጪ የሚቲዎሮሎጂ ገጽታዎች እየተጠናከሩ ይሄዳሉ» ሲባል ብዙ ሰው ድምፁን ይቀንሳል፤ ከገጽታዎቹ መካከል አንዱ ይኸው የምሥራቅ ጄት ነው። ከስሙ ይልቅ ውጤቱ ብቻ ለሕዝብ መድረሱ ትንሽ ያስቆጨኛል። ገበሬው የሰኔ ሚካኤልን ዝናብና የቡሄን ማግስት አስልቶ የሚኖር ነው፤ ነፋሱን ቢነግሩት ሊገባው የሚሳነው ነገር የለም። ቡሄ ሲያልፍ ክረምቱ ያከትማል የሚለው የአባቶች አነጋገርም ከጄቱ ጊዜ ጋር አይጣላም፤ እስያ መቀዝቀዝ ስትጀምር፣ ነሐሴ አልፎ መስከረም ሲገባ ይላላል፤ ከመስቀል በኋላ ብዙም አይቆይም።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀሞ ላይ የኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች ቆመው ነዋሪ ሲገባ፣ ከሳተላይትና ከፊኛ የሚመጣው መረጃ በኮምፒውተር ተቀናብሮ የጄቱ ካርታ በየቀኑ የሚገኝበት ዘመን ደርሶ ነበር። ያም ሆኖ 2007 ዓ.ም. ፈተነ። በዚያ ክረምት ከታወቁት ኤልኒኖዎች ሁሉ ከብርቱዎቹ የሚመደበው ፓስፊክን አሞቀው። የሚፈላው ደመና ወደ መካከለኛው ፓስፊክ ሲሸሽ እስያ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ይቀንሳል፤ ላይኛው ነፋስ ይላላል፤ ምድጃው መሳብ ያቆማል። የምሥራቅ ትግራይ፣ የወሎ፣ የአፋር፣ የሐረርጌ ማሳዎች ደረቁ። በ2008 ታኅሣሥ መንግሥትና ተባባሪዎቹ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ ርዳታ እንደሚያስፈልገው አስታወቁ። ቁጥሩ ከ1977ቱ ይበልጣል፤ እንደ 1977ቱ ግን ሰው አልረገፈም። ሴፍቲኔቱ ነበረ፣ መንገዱ ነበረ፣ ርዳታውን በይፋ የጠየቀ መንግሥት ነበረ። ነፋሱ ያው ነፋስ ነው።

የ2012 ክረምት ተቃራኒው ሆነ። ፓስፊክ ወደ ላኒና እያዘነበለ ነበር። አዋሽ ሞልቶ አፋር ላይ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው አፈናቀለ። በዚያው ሐምሌ ጉባ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያው ዙር ሙሌት፣ 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ በዝናቡ ብርታት ታግዞ ተጠናቀቀ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ላይንስ ከካይሮ ሆነው በሙላት መለኪያ ይከታተሉት የነበረው የክረምት ውኃ አሁን መጀመሪያ የሚቆጠረው ከድንበሩ ወዲህ ነው። በየግንቦቱ የሚወጣውን የክረምት ትንበያ ከገበሬው እኩል የሚጠብቁ አዲስ ሰዎችም መጥተዋል፤ ተርባይኑን የሚያንቀሳቅሱት፣ ሐይቁ በመስከረም ስንት ሜትር ላይ እንደሚቆም ከወዲሁ ማወቅ ያለባቸው።